ሙሽራ የተባለው በግና የእድራችን አዲስ አንቀጽ

ደስ ይበላችሁ! ጸደቀ! በጭብጨባም በእልልታም ጸደቀ! ከእንግዲህ አንዲት ፀጉሩ አትነካም፤ ቢላዋው ወደ አፎቱ፣ ድስቱም ወደ ዕቃ ቤቱ ተመልሷል!

የማን ፀጉር? ይቅርታ፣ ደስታው ቀደመኝ። የእትዬ ብሩክታይት በግ ነዋ! ስሙ ሙሽራ ይባላል። እኔ ደግሞ ወይንሸት እባላለሁ፣ የአጥር ጎረቤታቸው ነኝ። ይህን የምጽፈው የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ዴስክ ላይ፣ ጉልበቴን አገጬ ሥር አጥፌ ነው። ዛሬ የጸደቀውን አንቀጽ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ሲነበብ ሰው አጨበጨበ፤ ከዚያ ወዲህ እጄ አልቆም ብሏል። ባለቤቴ አድነው፣ «አንድ አንቀጽ ጽፈሽ ደራሲ ሆንሽ?» ይለኛል። አዎ፣ ሆንኩ!

እትዬ ብሩክታይትን የማያውቅ የሶዶ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ጥሬ ሥጋ በልቶ አያውቅም ማለት ነው። ዳጣ ይሠራሉ። ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን በድንጋይ ሲፈጩ ታች አስፋልቱ ላይ የሚያልፍ ሹፌር ያስነጥሰዋል ይባላል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱን ያቆመው ይኸው ዳጣ ነው። «ልጆቼን ያሳደግኳቸው በሰው እንባ ነው» ይላሉ እየሳቁ። እውነትም ነው፤ የእሳቸውን ዳጣ በልቶ ዓይኑ ያላለቀሰ የለም።

ሥጋ አይወዱም እንዳትሉ። ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የሰፈሩ ሰው በሬ ሲያርድ መደባቸውን ከሁሉ በፊት ተቀብለው የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። የሙሽራ ነገር ግን ሌላ ነው።

ሙሽራን የላከላቸው ቤሌ ከተማ የሚነግደው ልጃቸው ኤልሳዕ ነው። ለጊፋታ ይታረድ ብሎ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጫነው። ረዳቱ ይሁን ሌላ ቀልደኛ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ሪባን አስሮበታል። በጉ ከጣሪያው ሲወርድ አቧራውን አራገፈ፣ ደረቱን ነፋ፣ መናኸሪያውን እንደ ሠርግ ቤት ዙሪያውን ቃኘ። እትዬ ብሩክታይት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ «ውይ! ሙሽራ!» አሉ። ነገሩ እዚያው ተበላሸ። በስሙ የጠሩትን ማን ያርዳል?

የዚያን ዓመት ጊፋታ፣ «ከስቷል፣ ይቆይ» አሉ። ቀጥሎ በመጣው፣ «ያስለዋል፤ የሚያስል ነገር ይበላል እንዴ?» አሉ። ባለፈው ጊዜ ደግሞ፣ «በጣም ሰባ፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው ይታመማል» አሉ። ኤልሳዕ በየዓመቱ ከቤሌ በተሳለ ቢላዋ ይመጣል፣ በተሳለ ቢላዋ ይመለሳል። ስሎ ስሎ ቢላዋው ወደ መርፌ ተቃርቧል።

ሙሽራ በበኩሉ ኑሮውን ተያያዘው። ጠዋት ሻይ በዳቦ ይጠጣል፤ ስኳር ካነሰው ጣሳውን በእግሩ ይገፋል። ገበያ አብሯቸው ይወርዳል። እሑድ ጸሎት ቤት ሲገቡ በር ላይ ይጠብቃቸዋል፤ ስብከቱ ሲረዝም ግን ይጮሃል። ብዙ ምእመን ለዚህ ብቻ ይወደዋል።

ታዲያ ዘንድሮ ነሐሴ ሲገባ ዝናቡ አልቆም አለ። ከሰፈራችን በላይ በዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ መሬቱ ተሰነጠቀ። ተራራ ሲቆጣ ምን እንደሚያደርግ በአካባቢያችን ሁሉም ሰምቷል፤ ስለዚህ ውረዱ ስንባል አልተከራከርንም። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ባዶ ነው፤ እዚያ እንድንሰፍር ሆነ። የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ኤርካሎ ግቢው ውስጥ የእድሩን ድንኳን አስተከሉ። ጋሽ ኤርካሎ ዕድሜያቸውን እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ስላሳለፉ፣ መጋዝ ባይኖርም መጋዝ ላይ የሚጮህ ሰው ድምፅ አላቸው።

«ወጣቶች!» አሉ። «መጀመሪያ አቅመ ደካሞችን አውጡ! ከእትዬ ብሩክታይት ጀምሩ!»

ወጣቶቹ ሮጡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእኛ አገር ወንድ የሰባ ከብት አይቶ እጁን ኪሱ ውስጥ ማቆየት አይችልም። ወገቡን ይጫናል፣ ጎኑን ይዳብሳል፣ ራሱን ነቅንቆ «እህ!» ይላል። ጎርፍ ይምጣ፣ ተራራ ይናድ፣ መጀመሪያ ይዳብሳል። ልጆቹ ግቢው ሲገቡ እትዬ ብሩክታይት በራፉ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ከጎናቸው ሙሽራ ቆሟል። እዮኤል፣ ፍርድ ቤት በር ላይ አቤቱታ የሚጽፈው ጎረምሳ፣ የሙሽራን ወገብ ተጫነ። «እህ!» አለ። ሌሎቹም ተጫኑ። «እህ!» አሉ። ከዚያ አራት ሆነው ተሸከሙትና ቁልቁል ነጎዱ!

እትዬ ብሩክታይት እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። በኋላ በአንድ እግራቸው ጫማ፣ በእጃቸው የሙሽራን የሻይ ጣሳ ይዘው፣ ጭቃውን እያቦኩ ወረዱ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

«አየሽ ወይንሸት፣ ስንት አክባሪ ልጆች አሉን!» አሉኝ። «እኔን ሳይሆን ሙሽራን አስቀደሙ። ምን ያህል ቢወዱት ነው!»

እኔ ልጆቹ ሲዳብሱት አይቻለሁ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው በርዶታል፣ ርቦታልም። ጋሽ ኤርካሎ ቀስ ብለው መጡ።

«እትዬ ብሩክታይት፣ ሕዝቡ ተንቀጥቅጧል። ትንሽ ዳጣ ቢፈጩልን?»

«ምን ገዶኝ!» አሉ እትዬ። ለሰው ሲሠሩ ደስታቸው ነው። ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሚስት የወፍጮ ድንጋይ ተዋሱ፣ ክንዳቸውን ሰብስበው ፈጩ፣ ግማሽ ድንኳን አስነጠሰ። ሲጨርሱ ቀና ብለው፣ «ግን ከምን ጋር ልትበሉት ነው? ቆጮው እንኳ ገና አልመጣም» አሉ።

ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል። የሁሉም ዓይን ያረፈው ምሰሶው ሥር ተኝቶ በሚያመሰኳው ሙሽራ ላይ ነው።

«እንዴ!» አሉ። «የእኔን ሙሽራ? በእኔ ዳጣ?»

«ደንብ ነው፣ እትዬ» አሉ ጋሽ ኤርካሎ። እውነታቸውን ነው፤ በእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ «ወደ እድሩ ድንኳን የገባ የሚበላ ነገር ሁሉ የጋራ ነው» የሚል አለ። ድሮ አንዲት ሴት ለለቅሶ ያመጣችውን ቆጮ በነጠላዋ ሸፍና ይዛ ልትመለስ ስትል የወጣ ደንብ ነው። ሕግ ግን ቆጮና በግ አይለይም።

«እኔ አላስገባሁትም! ልጆቹ ናቸው ተሸክመው ያስገቡት! እኔን እንኳ ማንም አልተሸከመኝም!»

«እትዬ» አለ እዮኤል፣ «እርስዎን ተሸክመን ብናስገባ ደግሞ እርስዎም የጋራ ይሆኑ ነበር።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ቢላዋ ሲፈለግ ግን የእኔው አድነው ከጥግ ብድግ አለ። የእድራችን አባላት ግማሹ ፕሮቴስታንት፣ ግማሹ እንደ እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ ጊዜው ደግሞ የፍልሰታ ጾም ነው።

«ወገኖቼ» አለ አድነው፣ «እኛ ሽሮ እየላስን እናንተ ጎድን ልትግጡ? በአንድ ድንኳን? አብረን ተፈናቅለን? ደግ አይደለም። ለፍቺው ይቆይልን፣ አብረን እንብላ።»

እኔ ለነፍስ አዝኖ መስሎኝ ልቤ ቀልጦ ነበር። ሲቀመጥ ግን በጆሮዬ፣ «ሽንጡን ለእኔ በያቸው» አለኝ።

ሆነም ቀረም ተስማሙ። በጾመኛ ፊት ሥጋ አይበላም፤ በዚህ ሰፈራችን ታማኝ ነው። ጋሽ ኤርካሎ ወዲያው ስልክ አነሱና ቤሌ ደወሉ። «ኤልሳዕ ልጄ፣ ለፍልሰታ ፍቺ ና! የላክኸው በግ ዘመኑ ደርሷል!» ኤልሳዕ በስልኩ ውስጥ እልል አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአገሩ ሁሉ ጾሙ እንዲረዝም የምትመኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ እሷም ፕሮቴስታንት ነች።

«ወይንሸት» ይሉኛል በየጠዋቱ፣ «ይህ ጾማችሁ ትንሽ መጨመር አይቻልም?»

«እትዬ፣ ጾም ወጥ አይደለ፣ በጭልፋ አይጨመር።»

«ለቄሱ ብትነግሪያቸውስ? ጥሩ ሰው ናቸው።»

እሳቸው ሲጨነቁ ጋሽ ኤርካሎ ደግሞ በጉ እንዳይከሳ ይጨነቃሉ። ማለዳ ማለዳ ድንኳኑ ጀርባ ሄደው ወገቡን ይጫናሉ፣ «እህ!» ይላሉ፣ ይመለሳሉ። እትዬ ብሩክታይት ይህን ሲያዩ አንድ ብልሃት መጣላቸው። ሙሽራ የታመመ እንዲመስል አፍንጫው ላይ ዳጣ ቀቡት። ምስኪን በግ! አስነጠሰ፣ ዘለለ፣ ድንኳኑን ሦስት ጊዜ ዞረ፣ ገመድ በጠሰ፣ አንድ ካስማ ነቀለ።

«ታሟል!» ብለው ጮኹ እትዬ። «ኧረ ታሟል! የሚበላ አይደለም!»

እዮኤል ቀርቦ አሸተተውና፣ «ጋሼ፣ ይህ በግ ከነማባያው ነው የመጣው!» አለ።

ያን ዕለት እትዬ ብሩክታይት ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቁም። ጣሳውን አነሱ፣ የሙሽራን ገመድ ያዙ፣ ወደ በሩ አመሩ። ሮጬ ደረስኩባቸው።

«ወዴት ነው?»

«ቤቴ።»

«እትዬ! ተራራው ተሰንጥቋል እኮ! ውኃው ገና እየወረደ ነው!»

«ተራራው ቢወድቅ እኔንም እሱንም አንድ ላይ ነው የሚወስደን። እዚህ ግን እሱን ብቻ ነው የሚወስዱት።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወይንሸት፣ ልጆቹ ሁሉ ከሄዱ ወዲህ ማታ በር ስዘጋ ከውስጥ የሚተነፍስልኝ እሱ ነው» አሉኝ።

እዚህ ላይ ቀልዱ አለቀ። ገመዱን ያዝኩ፣ እሳቸውም ያዙ፣ ሙሽራ መሃል ቆሞ የእኔን ነጠላ ጫፍ ይበላል። «እስከ ፍቺው ዕለት የእድር ስብሰባ ብቻ ይታገሱኝ» አልኳቸው። «ደንብ ያመጣውን ደንብ ይመልሰዋል።» ይህንን ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። ግን እንዴት ያምራል!

እሳቸውን መልሼ ወደ ድንኳኑ ስመጣ እዮኤል ከተራራው በኩል ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲወርድ አገኘሁት።

«አንተስ ከወዴት?»

ተቅለሰለሰ። ለካ ጃክ የሚባል ውሻ አለው። ውሻ ድንኳን አይገባም ስለተባለ እቤት አስሮ ትቶታል፤ በየቀኑ ተደብቆ፣ ከዚያ ስንጥቅ ሥር እየገባ እንጀራ ያደርስለታል።

«አየህ!» አልኩት። «አንተ ለውሻህ፣ እትዬ ለበጋቸው! ተራራው ቢናድ የምንቀብረው እንስሳውን ብቻ ነው? ባለቤቱንም ነው! በል፣ ብዕርህን አውጣ!»

እሱ ሕግ ሕግ ይሸታል፤ እኔ ደግሞ ቃል አላጣም። ዴስኩ ላይ ተቀምጠን ጻፍን፣ ሰረዝን፣ ተጣላን፣ ጻፍን።

ስብሰባው ዛሬ ጠዋት፣ በፍቺው ዕለት፣ ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ተደረገ። ድስቱ ተጥዷል። ዳጣው ቀርቧል። ጋሽ ኤርካሎ ያን ትልቅ ካፖርታቸውን ለብሰው ፊት ተቀምጠዋል። እኔ ተነሳሁ፤ ወረቀቱን ዘርግቼ አነበብኩ፦

«በአደጋ ጊዜ ስሙ ሲጠራ የሚመጣ እንስሳ ከባለቤቱ ጋር ይወጣል፤ ከባለቤቱ ጋር ይጠለላል፤ ከባለቤቱ አይነጠልም፤ የጋራ አይደለም፤ አይታረድም፤ እየተጎመጀም አይታይም።»

ያኔ ነው የመጀመሪያው ጭብጨባ! «እየተጎመጀም አይታይም» የሚለውን አድነው ሳይሰማኝ ነው የጨመርኩት።

«መልካም» አሉ ጋሽ ኤርካሎ። «እንፈትን። ሙሽራን አምጡት።»

ሙሽራ መሃል ቆመ። ጋሽ ኤርካሎ የስብሰባ አማርኛቸውን አሳምረው፣ «ሙሽራ፣ ና!» አሉ። ዝም። «ሙሽራ፣ ወደዚህ ቅረብ!» ዝም። በጉ ዞሮ ጀርባውን ሰጣቸው። ከኋላ አንዱ ቢላዋ ሞረደ። እትዬ ብሩክታይት ጣሳቸውን ደረታቸው ላይ አጣበቁ።

እዮኤል ብድግ አለ። «ተቃውሞ አለኝ! በጉ አማርኛ አይችልም። ያደገው በወላይትኛ ነው። ማንም ቢሆን በሚገባው ቋንቋ የመጠየቅ መብት አለው!»

«ለበግ?» አሉ ጋሽ ኤርካሎ።

«ሊታረድ ለተከሰሰ ሁሉ!»

ሽማግሌዎች ተንሾካሾኩ፤ ተፈቀደ። እትዬ ብሩክታይት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሙሽራ!» አሉ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ፤ «ሃ ያ!» ና ማለታቸው ነው።

ሙሽራ ጆሮውን አነሳ። ዞረ። መጣ! እውነት እላችኋለሁ መጣ፣ ያን የመናኸሪያውን አካሄድ እየሄደ፣ ደረቱን ነፍቶ! እልል ልል አፌን ስከፍት እትዬ ብሩክታይትን አልፏቸው ሄደ። ቀጥ ብሎ ጋሽ ኤርካሎ ጋ ደረሰ፣ ራሱን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተተ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች ይዞ ወጣ፣ ጉልበታቸው ላይ አገጩን አሳርፎ መብላት ጀመረ።

«ከዳተኛ!» አሉ እትዬ ብሩክታይት።

ጋሽ ኤርካሎ ቀና ብለው ሰውን ማየት አቃታቸው። «እ… እንዳይከሳ ብዬ ነው» አሉ። «ለሥጋው ነው። ማለዳ ማለዳ አንድ አንድ ስሰጠው…»

«ስንት ጊዜ ሰጡት?» አለ እዮኤል፣ ልክ እንደ ዐቃቤ ሕግ።

«በየቀኑ። አንዳንዴም ማታ።» ሙሽራ እያኘከ ቀና ብሎ አያቸው። ያ መጋዝ ድምፃቸው ጠፋ። «ስሄድ ይከተለኛል። ትናንት ዝናብ ሲጥል ካፖርቴ ውስጥ ገባ። ምን ላድርግ? አባረርኩት፣ አልሄድ አለ።» ከዚያ በድንገት ተቆጡ። «ምን ታያላችሁ? ድምፅ ይሰጥ!»

የመጀመሪያው እጅ የወጣው የእሳቸው ነበር። አንዱን እጅ ነው ያወጡት፤ ሌላው የሙሽራን ጆሮ ያካል።

እትዬ ብሩክታይትማ አለቀሱ፣ ሳቁ፣ ሙሽራን አቀፉት፣ ገፉት፣ እንደገና አቀፉት። ጋሽ ኤርካሎን ደግሞ፣ «ስኳር ድንች ጥርሱን ያበላሽበታል፤ ሲመጡ ዳቦ ይዘው ይምጡ» አሏቸው። ሙሽራን እየመጡ መጠየቅ ተፈቅዶላቸዋል ማለት ነው! በተጣደው ድስት ምስር ተሠራ። አድነው ሽንጡ ቀርቶበት ምስሩን በዚያ ዳጣ በላ፣ አለቀሰም፤ በምን እንዳለቀሰ አልጠየቅኩትም።

ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ እብድ ሆነ። ሰው ሁሉ ለእንስሳው ስም ያወጣል! ጃክ በክብር ወደ ድንኳኑ ገባ። አንዲት ሴት ላሟን «እመቤት» ብላ ስትጠራ ሦስት ጎረቤቶቿ ዞሩ። እዮኤል ለዶሮዎቹ ሁሉ ስም አወጣ፤ በቆሎ ከያዘ ሁሉም ይመጣሉ፣ ካልያዘ አንዷም አትመጣም። ይህን ያዩት ጋሽ ኤርካሎ ተደናግጠው እንደገና ስብሰባ ጠሩና ንዑስ አንቀጽ አስጨመሩ፦ «ለጊፋታ ቅርጫ በተገዛ በሬ ላይ ማንም ሰው ስም እንዳያወጣ በጥብቅ የተከለከለ ነው።» እሱም በሙሉ ድምፅ አለፈ። እኛም እኮ ሰው ነን።

ከሁምቦ ሊጠይቁን የመጡ ሰዎች አንቀጹን ለእድራቸው ሊወስዱት ነው። እኔ ደግሞ ለእነሱ ስገለብጥ አንድ ሁለት የሚያማምሩ ቃላት ልጨምርበት እያሰብኩ ነበር፣ ልክ እዚህ መስመር ላይ ስደርስ እትዬ ብሩክታይት በመስኮቱ ራሳቸውን አስገቡ።

«ወይንሸት! ለኤልሳዕ ማን ነገረው?»

ኧረ ጉድ! ማንም! ጋሽ ኤርካሎ በእኔ፣ እኔ በእናቱ፣ እናቱ በጋሽ ኤርካሎ ተማምነን! ከቤሌ ተነስቷል፤ ስልኩ አይነሳም። ያቺን መርፌ የሆነች ቢላዋውን ይዞ፣ ሦስት ዓመት የጠበቀውን ሥጋ እያሰበ እየመጣ ነው። አውቶቡሱ አሁን አሁን መናኸሪያ ይገባል። ልጁ ደግሞ በጉን ሲያይ እንደ ሌላው ወንድ መጀመሪያ ይዳብሳል፣ ከዚያ ነው የሚጠይቀው!

አድነው፣ ጃንጥላዬ የት አለ? ቆይ፣ አንቀጹንም ልያዝ፤ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ አነብለታለሁ። ሄድኩ!